አማርኛ ለማያነብ ፋውንደሪ የአማርኛ ፎንት ማቅረብ

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው፦ «አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ማተሚያ ቤት ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። የፒያሳ ሱቆች ከመፍረሳቸው በፊት በእጅ የተጻፉ ማስታወቂያዎቻቸውን ፎቶ አንስቼ ነበር። ከእነሱ ተነስቼ አንድ የአማርኛ ፎንት ሠርቻለሁ፤ ትንሽ ነው የቀረኝ። የላቲኑን (የእንግሊዝኛውን) ፊደል ከአንድ ነፃ ፎንት ወስጄ አስተካክዬዋለሁ። አሁን ለውጭ ፋውንደሪ ልልክ ነው። ሙሉውን መጨረስ አለብኝ? ምን ልላክ? ቢሰርቁኝስ? ‹በነፃ ልቀቂው› የሚሉኝ ጓደኞችም አሉ። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ ሁሉንም እመልስልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ያልጠየቅሽውን አንድ ነገር ላንሳ፤ የቀረው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቆመው። ሥራሽን የሚያዩት ሰዎች አማርኛ አያነቡም።

ፋውንደሪ ፎንት የሚያሳትም፣ የሚሸጥና ላይሰንሱን (የመጠቀሚያ ፈቃዱን) የሚያስተዳድር ድርጅት ነው። ታዋቂዎቹ በአብዛኛው አውሮፓና አሜሪካ ናቸው። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ዓይናቸው የሠላ ነው። ኩርባ ሲንጋደድ፣ የመስመር ውፍረት ሲዛነፍ፣ በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ክፍተት ሲረበሽ ወዲያው ያያሉ። አንባቢያችን የት ላይ እንደሚደናቀፍ ግን አያውቁም። ስለዚህ ፋይልሽን ሲከፍቱ ሁለት ነገር ነው የሚጠይቁት። አንደኛ፣ ይህች ልጅ መሳል ትችላለች ወይ? እሱን ለራሳቸው ይመልሱታል። ሁለተኛ፣ ይህ ፎንት ለባለቤቶቹ ይነበባል ወይ? እሱን ካንቺ በቀር የሚመልስላቸው የለም። ብዙ ጥሩ ሥራ ተመልሶ የሚመጣው ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ስለሚቀር ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ ዛሬ የጀመረ አይደለም። በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ሲሆን፣ ቋንቋውን የተማረው እዚያው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። ከዚያ ወዲህ ፊደላችን በማተሚያ የእርሳስ ብረትም ሆነ በኮምፒውተር ሲቀረጽ ብዙ ጊዜ ቀራጩ ሌላ፣ አንባቢው ሌላ ነበር። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ የጆን ሃድሰንና የጄራልዲን ዌድ ሥራ ነው። ማክ ላይ ያለው ከፋ የጄረሚ ኦርኑስ ነው። በጥንቃቄ የተሠሩ ፎንቶች ናቸው፤ ሁለቱንም አከብራቸዋለሁ። አንቺ ግን እነሱ በጥናት ያገኙትን ነገር ከልጅነትሽ ጀምሮ ይዘሽዋል። ከሀ ሁ ገበታ ጀምረሽ፣ የታክሲ ታፔላ አንብበሽ፣ ጋዜጣ አገላብጠሽ ነው ያደግሽው። ይህ ትልቁ ሀብትሽ ነው። ማመልከቻሽ ላይ መታየት ያለበትም እሱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ምን ልላክ ላልሽው፣ ፖስተር አትላኪ። ወጣቶች ሲልኩ የማየው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከሀ እስከ ፐ የተደረደረ ገበታ፣ «ፍቅር» የሚል ቃል በትልቁ፣ የቡና ስኒ ላይ የተለጠፈ «ቡና»። በዚያ መጠን የማያምር ፎንት የለም። ፋውንደሪው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ፖስተር በየቀኑ ያያል። ገበታ ፊደል ሁሉ ተነጥሎ የሚቆምበት ቦታ ነው፤ ፎንት የሚፈተነው ፊደል ከፊደል ጋር ሲሰለፍ ነው።

በቅርብ የሚታይ ምሳሌ ልስጥሽ። «በ»ን፣ «ባ»ን እና «ቦ»ን ጎን ለጎን አስቀምጪ። «በ» ሁለት እኩል እግሮች አሏት። «ባ» ቀኝ እግሯ ይረዝማል። «ቦ» ግራ እግሯ ይረዝማል። ልዩነታቸው ይኸው ብቻ ነው። ባነር ላይ ማንም አይሳሳታቸውም። ፊደሉ 9 ነጥብ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ሲሆንና ርካሽ ወረቀት ቀለም ሲመጥጥ? እዚያ ላይ አጭሩ እግር ምን ያህል ማጠር እንዳለበት መወሰን አለብሽ። ከመጠን በላይ ካሳጠርሽው ፊደሉ የተቆረጠ ይመስላል። ልዩነቱን ካጠበብሽው ደግሞ «በላ» «ባላ» ሆኖ ይነበባል። የወሰንሽው ልክ «ሰ ሳ ሶ» ላይ፣ «ሸ ሻ ሾ» ላይ፣ «ደ ዳ ዶ» ላይ ተመሳሳይ ስሜት መስጠት አለበት። ተመሳሳይ ስሜት ስል ተመሳሳይ ቁጥር ማለቴ አይደለም። የ«ሰ» አናት ክብ፣ የ«በ» አናት ጠፍጣፋ ስለሆነ በአንድ ልክ ብትቆርጫቸው ለዓይን እኩል አይሆኑም።

ማመልከቻሽ ውስጥ አንድ ሙሉ ገጽ ለዚህ ብቻ ስጪ። ሦስቱን ፊደሎች በትልቁ፣ ከሥራቸው ቃላቱን በትንሹ፣ ከጎን ሁለት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ። አማርኛ የማያነብ ሰው እንኳ ያንን ገጽ ሲያይ «ይህች ልጅ የምታደርገውን ታውቃለች» ይላል። ከአሥር ፖስተር ይበልጣል።

ቀጥሎ ምን ዓይነት ፎንት እንደሆነ ወስኚ። ያንቺ መነሻው የሱቅ ማስታወቂያ ነው። ያ ጽሑፍ ከመንገድ ማዶ እንዲታይ በሰፊ ብሩሽ የተጻፈ ነው። ስለዚህ የርዕስ ፎንት ይመስለኛል። ከሆነ «የርዕስ ፎንት ነው» በይና አቅርቢው። ለመጽሐፍም፣ ለስልክም፣ ለማስታወቂያም ይሆናል ማለት ለምንም አልታሰበበትም ማለት ነው፤ እነሱም የሚረዱት እንደዚያ ነው። ለርዕስ ከሆነ 9 ነጥብ ላይ ማሳየት አይጠበቅብሽም። ከ24 እስከ 72 ነጥብ ባለው መጠን በእውነተኛ ርዝመት ያላቸውን ርዕሶች አሳዪ። የጋዜጣ ርዕስ፣ የምግብ ዝርዝር፣ የቲያትር ማስታወቂያ፣ የመንገድ ታፔላ።

ለሙከራ ቃል የታክሲ ረዳቶች የሚጠሯቸውን የሰፈር ስሞች በጣም እወዳለሁ። «ጨርቆስ» ጨን ያመጣልሻል። «ጳውሎስ» ጳን፣ «ኳስ ሜዳ» ኳን፣ «ቄራ» ቄን ይሰጥሻል። «ካዛንቺስ» ላይ አምስት በጣም የተለያየ ስፋት ያላቸው ፊደሎች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ክፍተትሽ ጥሩ ይሁን መጥፎ እዚያ ላይ ፍርጥ ይላል። «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» ረጅም መስመር ነው። «ሣር ቤት» ላይ ሣና ቤ አሉ። ከተማችን ለፊደል መፈተኛ የሚሆን ቃል ሞልቷታል።

ሁሉንም ፊደል መጨረስ አለብኝ ወይ? የለብሽም። ለመጀመሪያ እይታ ማንም ሙሉ ፎንት አይጠብቅም። ሥራው ምን ያህል እንደሆነ ግን ማወቅ አለብሽ፤ ይጠይቁሻልና። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 ሥሪት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዋናው ክፍል ዛሬ 358 ምልክቶች አሉት፤ በኋላ የተጨመሩት አራት ክፍሎች ሲደመሩ 523 ይሆናል። ለአማርኛ ብቻ ቁጥሩንና ሥርዓተ ነጥቡን ጨምሮ ወደ 300 ገደማ ይበቃል። ትግርኛን ለመጨመር እነ ቐን መሥራት ነው፤ የቀረው አብዛኛው ያው ነው። ስለዚህ «አማርኛና ትግርኛ» ማለት ብትችይ ጥሩ ነው። ከጉራጌና ከብሌን ጀምሮ የሌሎቹ ቋንቋዎች ምልክቶች በሁለተኛ ዙር ይመጣሉ ብለሽ በግልጽ ጻፊው።

ለማቅረብ ግን የጀርባ አጥንት የሆኑትን ምረጪ። እኔ ብሆን በ፣ ሐ፣ ቀ፣ ወ፣ ረ፣ መ እና ጨን ከነሰባት ቤታቸው እልካለሁ። ባለሁለት እግር፣ ባለሦስት እግር፣ ባለአንድ እግር፣ ክብ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ፣ ባለሁለት ሆድ፣ እና የተጨናነቀ። እነዚህ 49 ፊደሎች ጥሩ ከሆኑ የቀረው ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። ካልሆኑ 300ውን መጨረስሽ አይጠቅምሽም፤ እንዲያውም ተመልሶ ለማረም ልብ ያሳጣል። «ሩ»ንና «ፉ»ን አትርሻቸው፤ ካዕባቸው እንደሌሎቹ አይደለም። ሳድሶቹ ላይ ደግሞ ሕግ አትፈልጊ። ል፣ ም፣ ር፣ ስ፣ ት፣ ን እያንዳንዳቸው የራሳቸው መንገድ አላቸው። አማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ሳድስ በየቦታው ነው። ብዙ ጊዜ ልትሰጪያቸው የሚገባሽ እነሱ ናቸው።

ደማቁን (የፎንቱን ወፍራም ሥሪት) ከሠራሽ «ጨ»ንና «ጬ»ን አሳዪ። ውፍረት ሲጨምር ትንንሾቹ ቀለበቶች ይደፈናሉ። እንዳይደፈኑ ወይ ቀለበቱን ታሰፊያለሽ፣ ወይ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ መስመሩን ታቀጥኛለሽ። የትኛውን እንደመረጥሽ ያዩታል። ደማቁን ገና ካልሠራሽ ግን ለማስመሰል ብለሽ ሶፍትዌሩ በራሱ ያወፈረውን አትላኪ። ዓይን ላለው ሰው በአንድ እይታ ይታወቃል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ፤ አብዛኛው ሰው ይዘላቸዋል። አንዱ የግእዝ ቁጥር ነው። ፲ና ፪ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከላይና ከታች ያለው መስመር ይገናኝ ወይስ ለየብቻው ይቁም? ወስኚና ምክንያትሽን ጻፊ። እኔ ቢገናኝ ደስ ይለኛል፤ ቁጥሩ እንደ አንድ አካል ይታያል። ሌላው የማጥበቂያ ምልክቷ ናት። ዕለታዊ ጽሑፍ ላይ ብዙ አትታይም፤ መዝገበ ቃላትና ማስተማሪያ መጽሐፍ ላይ ግን ታስፈልጋለች። ከየፊደሉ አናት በላይ በትክክለኛው ቦታ እንድታርፍ ለእያንዳንዱ ፊደል መቀመጫ ማበጀት አለብሽ። እዚህ ድረስ ማሰብሽን ሲያዩ አመለካከታቸው ይቀየራል።

ማተሚያ ቤት መሥራትሽ ትልቅ ዕድል ነው። ብዙ የፎንት ዲዛይነር ሥራውን የሚያየው ስክሪንና የቢሮ ፕሪንተር ላይ ብቻ ነው። አንቺ ኦፍሴት ማተሚያ አጠገብሽ አለ። አለቃሽን አስፈቅጂና ተቆርጦ በሚጣለው የወረቀት ጠርዝ ላይ አንድ መስመር አስገቢ። ማሽኑ ቀለም እስኪያስተካክል ድረስ የሚባክኑትን ወረቀቶችም ለምኚ። ፎንትሽ በጋዜጣ ወረቀትም፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀትም ላይ ታትሞ ፎቶው ማመልከቻሽ ውስጥ ቢገባ ሁለተኛውን ጥያቄ ግማሽ መንገድ መለስሽው ማለት ነው። ከዚያ ወረቀቱን ለሰው ስጪ። መነጽር ለሚጠቀም ሰው፣ ማንበብ ገና ለጀመረ ልጅ። ድምፃቸውን አውጥተው ያንብቡልሽ። የተደናቀፉበትን ፊደል አክብቢ። የማይነበብ ነገር ዲዛይነር ከሆነ ጓደኛሽ ይልቅ እነሱ ላይ ነው የሚገለጠው።

ጊዜ ካለሽ ስድስት ኪሎ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጎራ በይ። የብራናውን ቁም ጽሕፈት እዪ። ከዚያ ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ያሳተማቸውን የድሮ መጻሕፍት እዪ። መቃ ብዕር የሠራው ውፍረትና ቅጥነት በእርሳስ ፊደል ላይ ምን እንደሆነ፣ ከዚያም በማስታወቂያ ሠዓሊው ብሩሽ ምን እንደሆነ ታያለሽ። ፎንትሽ በዚህ መስመር ውስጥ የት እንደሚቆም በሦስት ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልሽ የማመልከቻሽ መግቢያ አለቀ።

ስለ ሠዓሊዎቹ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ከፎቶው ተነስተሽ በራስሽ እጅ ነው የሣልሽው ወይስ ፎቶውን ከሥር አድርገሽ ገለበጥሽው? በራስሽ ከሆነ ከባህሉ ተማርሽ ማለት ነው። ከገለበጥሽው ግን የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው። የማስታወቂያ ሠዓሊ ብዙ ጊዜ ጥጉ ላይ ስሙን ወይም ስልኩን ይጽፋል። ፎቶዎችሽን አጉልተሽ እዪ። ስም ካገኘሽ ፈልጊው። ሱቁ ቢፈርስም ሰውየው አንድ ቦታ ይኖራል። አስፈቅጂው፤ ስሙን ፎንቱ ሰነድ ላይ አስገቢ፤ ገንዘብ ከመጣ ድርሻ ስጪው። ይህን የምልሽ ፋውንደሪው ስለሚጠይቅሽ ብቻ አይደለም፤ ተገቢ ስለሆነ ነው። ፋውንደሪውም ግን ይጠይቅሻል። ውል ላይ «ሥራው የራሴ ፈጠራ ነው» ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ኃላፊነቱ ያንቺ ነው።

ላቲኑ ላይ ትልቅ ችግር አለብሽ። ከነፃ ፎንት ወሰድኩ ብለሻል። «ነፃ» የሚባሉት አብዛኞቹ የሚወጡት ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በሚባለው ፈቃድ ነው። ኖቶና አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶችም በዚሁ ፈቃድ ነው የወጡት። ፈቃዱ መጠቀምንም ማሻሻልንም ይፈቅዳል። ግን ያሻሻልሽው ፎንት በዚያው ፈቃድ ነው መውጣት ያለበት፤ ለብቻው መሸጥም አይቻልም። የመጀመሪያው ባለቤት የፎንቱን ስም ካስከበረ በዚያ ስምም መጠቀም አትችይም። ስለዚህ አሁን ባለበት ሁኔታ ፎንትሽን ለሚሸጥ ፋውንደሪ መስጠት አትችይም። ይህን ሳትነግሪያቸው ልከሽ በኋላ ቢደርሱበት ስምሽ ይበላሻል። የሙያው ዓለም ትንሽ ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ላቲኑን አውጪው። የአማርኛውን ብቻ አቅርቢ። እንዲያውም እዚህ ላይ አንድ በር አለ። ብዙ ፋውንደሪዎች የሚታወቁ የላቲን ፎንቶች አሏቸው፤ የኢትዮጵያ ፊደል ግን የላቸውም። «ይህ ሥራዬ ነው፤ ከእናንተ ፎንቶች ከእገሌ ጋር ይስማማል ብዬ አስባለሁ» ብትያቸው ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። አንድ ገጽ ላይ የእነሱን ላቲን ካንቺ አማርኛ ጋር አጣምረሽ አሳዪ። መጠኑን ግን ተጠንቀቂ። ላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው፤ የእኛ የለውም። ከላቲኑ ትልቅ ፊደል ጋር እኩል ካደረግሽው አማርኛው ይጮኻል። ከትንሹ ጋር ካስተካከልሽው ይጠፋል። ልኩ በሁለቱ መካከል ነው፤ የቱ ጋ እንደሆነ ዓይንሽ ይንገርሽ።

የሚላከው እንግዲህ አንድ ፒዲኤፍ ነው። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ገጽ ይበቃል። ኢሜይሉ አጭር ይሁን። ማን እንደሆንሽ፣ ፎንቱ ለምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ፣ ከየት እንደተነሳ፣ የት እንደደረሰ፣ ምን እንደቀረው፣ ከእነሱ ምን እንደምትፈልጊ። እገዛ የምትፈልጊበትን አትደብቂ። «ደማቁን ለመሥራት መሪ እፈልጋለሁ» ማለት ድክመት አይደለም። ብዙ ፋውንደሪዎች ወጣት ዲዛይነር ይዘው አብረው ይጨርሳሉ። ከመላክሽ በፊት ግን ድረ ገጻቸውን አንብቢ። አንዳንዱ የውጭ ሥራ አይቀበልም፤ አንዳንዱ እንዴት መላክ እንዳለበት በዝርዝር ጽፏል። መልስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊወስድ ይችላል። ዝም ካሉ አንድ ጊዜ በትሕትና አስታውሺ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሂጂ።

ቢሰርቁኝስ? ስም ያለው ፋውንደሪ ይሰርቀኛል ብለሽ አትስጊ። የፎንት ፋይሉን ግን አትላኪ። ፒዲኤፉ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ወደ ቅርጽ ቀይሪው፤ ፎንቱ ከውስጡ እንዳይወጣ። እኔን የሚያሰጋኝ እዚሁ ያለው ነው። «እስኪ ልሞክረው» ላለሽ ጓደኛ የሰጠሽው ፋይል በሳምንቱ ቴሌግራም ላይ ታገኝዋለሽ። ከዚያ ወዲያ ማን እንደሠራው የሚያስታውስ የለም። የመጀመሪያ ንድፎችሽን፣ የፋይሎችሽን የየጊዜውን ቅጂ፣ የተጻጻፍሻቸውን ኢሜይሎች ከነቀናቸው አስቀምጪ።

በሕግ በኩል፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ ለሆነ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው ሥራው በመፈጠሩ ነው፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ውጭ አገር ግን ነገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ የፊደል ቅርጹ ራሱ በቅጂ መብት አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው እንደ ሶፍትዌር የሚቆጠረው የፎንት ፋይል ነው። ስሙ ደግሞ በንግድ ምልክት ሊጠበቅ ይችላል። ለዚህ ነው ፋውንደሪዎች ለስም ብዙ የሚጨነቁት። ሌላ ፎንት የያዘውን ስም አትምረጪ፤ ኒያላም ከፋም ተይዘዋል።

በነፃ መልቀቅን በተመለከተ፣ ጓደኞችሽ ደግ አስበው ነው የመከሩሽ። አማርኛ ጥሩ ነፃ ፎንት ያስፈልገዋል። ግን በኦፕን ፎንት ላይሰንስ የለቀቅሽውን ሥሪት መልሰሽ መዝጋት አትችይም። ውሳኔው የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው። በነፃ የሚወጣ ፎንት ደግሞ ያለ ክፍያ የተሠራ መሆን የለበትም። ጎግል ፎንትስ (የጎግል ነፃ የፎንት ማከማቻ) ላይ ካሉት ውስጥ ዲዛይነሩ ተከፍሎት የተሠሩ አሉ። የኔ ምክር ይህ ነው፦ መጀመሪያ ለፋውንደሪ አቅርቢ። ካልሆነ ሥራውን የሚደግፍ ፈልጊና ተከፍሎሽ በነፃ ልቀቂው። በብስጭት አትልቀቂው።

ገንዘቡን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። አገር ውስጥ የፎንት ላይሰንስ የሚገዛ ሰው ገና ጥቂት ነው። ከአማርኛ የርዕስ ፎንት በሚመጣ ሮያሊቲ (ከሽያጩ በሚደርስሽ ድርሻ) ኑሮሽ ይቀየራል ብለሽ አትጠብቂ። የሚያዋጣው ከዚያ የሚመጣው ሥራ ነው። ባንክ፣ ቴሌኮም፣ ሚዲያ የራሱን ፎንት ሲያሠራ የሚፈልገው ከዚህ በፊት ያሳተመ ሰው ነው። የታወቀ ፋውንደሪ ላይ ስምሽ መኖሩ ይህን ያመጣልሻል።

ውል ከመጣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። መቶኛው ስንት ነው ከማለትሽ በፊት ከምን ላይ ነው የሚታሰበው በይ። ለምሳሌ 40 በመቶ ቢሉሽ፣ ፎንቱ በ100 ዶላር በሌላ ሻጭ በኩል ቢሸጥና ሻጩ ግማሹን ቢወስድ፣ ያንቺ 40 ዶላር ሳይሆን የ50ው 40 በመቶ፣ ማለትም 20 ዶላር ሊሆን ይችላል። ከዚያ መብቱን ለዘለቄታው እያስተላለፍሽ ነው ወይስ ለተወሰነ ጊዜ ፈቃድ እየሰጠሽ ነው የሚለውን እዪ። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነው የምመክረው። ዘመኑ ተወስኖ፣ ሳይሸጡት ቢያስቀምጡት ወደ አንቺ የሚመለስበት አንቀጽ ይኑረው። የሽያጭ ሪፖርት በየስንት ጊዜው እንደሚደርስሽ ይጻፍ። ክፍያው አዲስ አበባ ድረስ በምን መንገድ እንደሚመጣም አስቀድመሽ ተነጋገሪ፤ በኋላ ራስ ምታት ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ግን ስለ ተከታይ ሥራዎች የሚለውን አንቀጽ ፈልጊ። ደማቁን፣ ቀጭኑን፣ ትግርኛውን፣ ላቲኑን ማን ይሠራል? ማስተካከያ ሲያስፈልግ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ነው? ይህ ካልተጻፈ ፎንትሽን አማርኛ የማያነብ ሌላ ሰው ሊያሰፋው ይችላል። «ማንኛውም ለውጥና ጭማሪ መጀመሪያ ለዲዛይነሯ ይቀርባል፤ የአማርኛው ቅርጽ ያለ እሷ ስምምነት አይለወጥም» የሚል መስመር አስገቢ። ይህን ለመጠየቅ አትፈሪ፤ ምክንያቱን ካስረዳሻቸው አስተዋይ ፋውንደሪ ይረዳሻል። ረቂቁን የአእምሯዊ ንብረት ሥራ የሚያውቅ ጠበቃ ይየው። ፒዲኤፉን ስትጨርሺ ደግሞ ለእኔም ላኪልኝ፤ በተለይ የ«ካዛንቺስ»ን ገጽ ማየት እፈልጋለሁ።